የአፈርሳታዋ ወፍ

ደግ ነው ካሉህ ሊለምኑህ ነው፤ ቻይ ነው ካሉህ ግን ሊጭኑብህ ነው። ቻይ ነው ተብሎ ጭነት የተቀነሰለት አህያ የትም አገር የለም። ጃራ ይህን ሳያውቅ ግማሽ ዕድሜውን ኖረ። እንዲያውም ቻይ መባሉን እንደ ሹመት ይቆጥረው ነበር።

ጃራ ንብ አርቢ ነው። ቤቱ ነቀምት ዳር፣ በከኒሳ ቀሴ የሚባል ሰፈር ነው፤ ዘመኑም ከተማው ገና ሳይደርስበትና ጤፍና በቆሎ ይታረስበት በነበረ ጊዜ ነው። ቀርከሃ ሰንጥቆ ቀፎ ይሠራል፣ እበት ይለቀልቀዋል፣ ዋንዛ ላይ ወጥቶ ይሰቅለዋል። ኅዳር ሲገባ፣ ንቡ የመስከረምን አበባ ቀስሞ ሲጨርስ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጭስ ይዞ ይወጣና ማሩን ይቆርጣል። ተነድፎ ፊቱ አብጦ ሲወርድ ሚስቱ ቀለሟ ትቆጣለች። እሱ ግን፣ «ቤቷን ነው እኮ ያፈረስኩባት፣ ምን ታድርግ?» ይላል። ሰውም እንዲህ ነበር የሚያየው። የነደፈውን ሁሉ አንድ ምክንያት ፈልጎ ይቅር ይለዋል።

አብሮ አደጉ ደረሳ ይባላል። አጥር ለአጥር ናቸው። አንድ ሜዳ ላይ ከብት ጠብቀዋል፣ ባንድ ወቅት ጎጆ ወጥተዋል፣ እሑድ በሚሲዮኑ ጸሎት ቤት የሚቀመጡት ባንድ አግዳሚ ላይ ነው። ስም አይጠራሩም፤ «ሚቹ» ነው የሚባባሉት፣ ወዳጄ እንደማለት። ደረሳ ተጫዋች ነው፤ ችኩልም ነው። ሥራ ሲጀምር እንደ እሳት ይነድዳል፣ ሳይጨርሰው ይሰለቸዋል፣ የቀረውን ጃራ ይጨርስለታል። ማንም ይህን እንደ ዕዳ አይቆጥረውም ነበር።

ማሩን የሚገዛው ከተማ ጠጅ ቤት ያለው ሽብሩ ነው። ሽብሩ አባቱ ከመንዝ የመጣ፣ ኦሮምኛውን በመንዝኛ ዜማ የሚናገር፣ ምላሱ እንደ ምላጭ የሆነ ሰው ነው። አንድ ቀን ጃራ ማሩን ተሸክሞ ሲገባ ጠጪው ሁሉ እየሰማ፣ «እስቲ ፍረዱኝ» አለ፣ «በድንግዝግዝ ዛፍ ላይ የሚንጠለጠል ሰው ከሌባ በምን ይለያል? ሌባው እንኳ ንብ ይፈራል!» ጠጅ ቤቱ በሳቅ አውካካ። ጃራም ሳቀ። ሽብሩ ጠጅ ቀድቶ ሰጠው፣ ጠጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

በዚያው ሰሞን የግራዝማች ሀብተጊዮርጊስ የኮርቻ በቅሎ ጠፋች። ግራዝማች የአገሩ ባለ ርስት ናቸው፤ በቅሎዋን ደግሞ ከልጆቻቸው አስበልጠው ይወዷታል እየተባለ ይታማሉ። አገሩ ተፈልጎ ሌባው ሲታጣ አፈርሳታ ተጠራ።

አፈርሳታ ማለት ይህ ነው። ወንድ የተባለ ሁሉ ሜዳ ላይ ይወጣል፤ ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤት መግባት የለም። ሚስቶች ስንቅ ያመጣሉ፤ ባሎች እዚያው ይውላሉ፣ እዚያው ያድራሉ። ሦስት ሽማግሌዎች ይመረጡና በየዳሳቸው ለየብቻ ይቀመጣሉ። ሰው ሁሉ በየተራ ወደሚያምነው ሽማግሌ ገብቶ የሰማውን በጆሮው ያንሾካሹካል። ሲናገር ግን «እኔ አየሁ» አይልም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ነው የሚለው። ሽማግሌው የወፊቱን ማንነት እንዳያወጣ፣ «ባወጣ ልጅ አይውጣልኝ» ብሎ ይምላል። ጥሩ ሥርዓት ነው፤ ደካማው ጉልበተኛውን ሳይፈራ ይናገርበታል። መጥፎም ሥርዓት ነው፤ ወፍን ከስሶ የረታ ሰው የለም።

ያን ጊዜ ጤፉ ታጭዶ ገና አልተከመረም። ማሩም ዛፍ ላይ ነው። ሰው ሌባውን ረስቶ ሰማዩን ነበር የሚያየው፤ ያለ ወቅቱ ደመና በምዕራብ በኩል እየጠቆረ ነበር። ደረሳ ከሁሉ ቀድሞ አጭዶ ጤፉን ሁሉ መሬት ላይ ስላስተኛው መቀመጫ አጣ። ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ «ዝናቡ መጣብን እኮ ሚቹ!» ይላል። ጃራ፣ «ለሁላችንም ነው የሚመጣው» እያለ ያጽናናዋል።

ተራው ሲደርስ ደረሳ ወደ ሽማግሌው ወደ ኦቦ ሞረዳ ዳስ ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ወጣ። መጥቶ ጃራ አጠገብ ተቀመጠና የጋቢውን ግማሽ አለበሰው፣ ከኪሱ የተቆላ ባቄላ አውጥቶ እጁ ላይ አፈሰሰለት። ጃራ ባቄላውን እየቆረጠመ ሳለ ሽማግሌዎቹ መክረው ወጡ። ኦቦ ሞረዳ መሬት መሬቱን እያዩ፣ «ወፍ ጃራን ብላለች» አሉ።

ጃራ መጀመሪያ ሌላ ጃራ ያለ መስሎት ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ጋቢው ከትከሻው ወደቀ። አልጮኸም፣ አልማለም፤ «እኔ?» ብቻ አለ። የግራዝማች ሎሌዎች ክንዱን ሲይዙት ደረሳ አብሮ ተነሥቶ፣ «ይሄ ሰው አይሰርቅም!» ብሎ አለቀሰ። እንባው የእውነት ነበር። ይህን ማንም አይካድበት፤ ሰው በገዛ እጁ በወጋው ላይ ከልቡ ማልቀስ የሚችል ፍጡር ነው።

ሰው ተበተነ፣ ጤፉም ተከመረ። ዝናቡ ሌሊቱን ጣለ፤ ካንድ ሁለት ሰነፍ በቀር ግን ጉዳት የደረሰበት አልነበረም። ጃራ ስለ በቅሎዋ በሬዎቹን ለግራዝማች ሰጥቶ ነቀምት ታሰረ።

እስር ቤት ሆኖ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ ወፊቱ ማን ናት? ያን ጊዜ የሽብሩ ቀልድ ትዝ አለው። በድንግዝግዝ ዛፍ ላይ የሚንጠለጠል ሰው። ሽብሩም ሜዳው ላይ ነበር፤ እሱም ዳስ ገብቷል። ከዚያ በኋላ ሌላ ማሰብ አላስፈለገውም። በደል የደረሰበት ሰው እውነትን አይፈልግም፣ ተጠያቂን ነው የሚፈልገው። ጃራም አገኘና ዐረፈ።

ለደረሳ ነገረው። ደረሳ ስንቅ ይዞ እየተመላለሰ ይጠይቀው ነበር፤ ዝናብ አላገደው፣ ሥራ አላገደው። እርሻውን አርሶለታል፣ ለልጆቹ እህል ከጎተራው ሰፍሯል፣ በጸሎት ቤት ስሙን ጠርቶ ጸልዮለታል።

«ሽብሩ ነው» አለው ጃራ።

ደረሳ ያመጣለትን ቂጣ ቆርሶ ሲሰጠው እጁ ትንሽ ዘገየ። «እግዜር ይወቅ» አለ።

«ሌላ ማን አለ?»

«እግዜር ይወቅ፣ ሚቹ። ብላ።»

ጃራ ይህን እንደ ጨዋነት ቆጠረለት። ያላየውን አይናገርም ብሎ አከበረው። ወዳጅ በችግር ጊዜ ይታወቃል የሚለውን ተረት ከእስር ቤት ሲወጣ ላገኘው ሁሉ የሚናገረው በደረሳ ስም ነበር።

የወጣውም በቅሎዋ ተገኝታ ነው። አኖ ገበያ ላይ የሌላ አገር ሌባ ሊሸጣት ሲል ጆሮዋ ላይ ባለው ቅድ ታወቀች። ግራዝማች በሬዎቹን መለሱ። ይቅርታ ግን ማንም አላለውም፤ ማን ይበል? ግራዝማች ወፍ ናት ያለችው አሉ፣ ሽማግሌዎቹም ወፍ ናት ያለችው አሉ። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ ብቻ በዛ፤ «እኛማ ድሮም አላመንንም» የማይል አልነበረም።

ጃራ ኦቦ ሞረዳ ቤት ሄደ።

«ማን እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ» አላቸው። «አልጣላውም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።»

ኦቦ ሞረዳ አተኩረው አዩት። «ብታውቅ ታርፋለህ፣ ልጄ?»

«አርፋለሁ።»

«አታርፍም» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ጃራ ማሩን ለሽብሩ መሸጥ ተወ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሽብሩ፣ «አከም ጃራ! ምነው ጠፋህ?» ይለዋል፤ ጃራ ዐይኑን ወደ ዛፍ አንሥቶ ያልፋል። ሽብሩ ቆሞ ይቀራል። ሽማግሌ ልኮ፣ «ምን በደልኩት?» ቢል፣ «ራሱ ያውቃል» የሚል መልስ ብቻ አገኘ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ያልወጋ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚናገር ተረት ግን እስካሁን አልተተረተም።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሽብሩ ታመመና ሞተ። በቀብሩ ቀን ደረሳ አጥሩ ላይ ቆሞ ጃራን ተጣራ።

«እኔ ልሄድ ነው። ትመጣለህ?»

ጃራ ቀፎ እየለቀለቀ ነበር። «አልመጣም።»

«ለቅሶ እኮ ነው።»

«ሆዴ አልፈቀደም።»

ደረሳ አጥሩን ይዞ ቆየ። ያን ጊዜ ሊናገር ይችል ነበር፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ሆድህ ካልፈቀደ እንግዲህ ተወው» አለና ሄደ። ቀለሟ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ብቻዋን ለቅሶ ደረሰች፤ «ባልሽስ?» ሲሏት፣ «አሞታል» አለች። ለቅሶ መቅረት እዚያ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ጠላትም ቢሆን ይቀበራል፤ የሽብሩ ሚስት በዛብሽ ያልመጣውን ሰው ልብ ብላ አየች።

ዘመን አለፈ። ኦቦ ሞረዳም ጃራ እያስታመማቸው ሞቱ፣ ምስጢራቸውን ይዘው። ጃራ ሸበተ። በግፍ ታስሮ አንድ ክፉ ቃል ሳይወጣው የተመለሰ ሰው ነው ተብሎ ስሙ ገነነ፤ የተጣላ ሲኖር ይጠሩታል፣ ልጆች ምርቃት ይቀበሉታል። «እንደ ጃራ ቻይ ያድርግህ» ማለት በዚያ ሰፈር ምርቃት ሆነ።

እንደገና ኅዳር ሆነ፤ እንደገና ጤፍ ታጨደ። የግራዝማች ጥማድ በሬዎች ከበረት ተነዱ፤ አሁንም አፈርሳታ ተጠራ። ሦስት ሽማግሌዎች ሲመረጡ ሰው ሁሉ ባንድ ድምፅ፣ «ጃራ ይግባ» አለ። ጃራ እምቢ ሊል አሰበ፤ ነገር ግን ንጹሕ ሰው እንዳይወነጀል ከኔ የተሻለ ማን ይጠነቀቃል ብሎ ተቀበለ። ማለ፤ ዳሱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

አንድ ሁለት ሰው ገብቶ፣ «ምንም አልሰማሁ» ብሎ ወጣ። ውጭ ነፋሱ ተነሥቷል፤ የደመናው ጥላ ዳሱን አጨለመው። ደረሳ ገባ። አሁን ወገቡ ጎብጧል፤ ጥርሱም ጎድሏል፤ ችኮላው ግን አብሮት አላረጀም። ጃራ ፊት ቁጢጥ ብሎ ወደ ጆሮው ተጠጋ።

«ወፍ ተረፈን ብላለች።»

ተረፈ ሸማኔ ነው። ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጅ ያልወለደ፣ ከጎጃም መጥቶ እዚያው የቀረ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው።

«ምን አይታ?» አለ ጃራ።

«ወፍ ምን ታያለች፣ ሚቹ? ደመናውን አላየኸውም? ጤፌ መሬት ላይ ነው። ያንተም መሬት ላይ ነው። ካንድ ሰው በቀር የሚጎዳ የለም፣ አገር ይገላገላል።»

«ተረፈስ?»

«ተረፈ ዝም ብሎ ነው የሚቀበለው። የሚያስቸግር ዘመድ የለው፣ ጦር የሚያነሣ ወንድም የለው። በሬዎቹ ሲገኙ ይፈታል። ቻይ ነው።» ደረሳ የጃራን ጉልበት በፍቅር መታ መታ አደረገ። «እንዳንተ።»

ጃራ ጉልበቱ ላይ ያረፈውን እጅ አየ። ባቄላ ያፈሰሰለት እጅ ነው። ቂጣ ቆርሶ የሰጠው እጅ ነው። ያን ቀን ከኦቦ ሞረዳ ዳስ ወጥቶ የጋቢውን ግማሽ ያለበሰው ሰው ነው። ሁሉም ባንዴ መጣበት።

«እንደኔ?» አለ።

ደረሳ ቀና ብሎ አየው። የጃራን ፊት ሲያይ የራሱ ፊት ተለወጠ። «ኦቦ ሞረዳ አልነገሩህም እንዴ?»

«ምኑን?»

«ሲሞቱ አጠገባቸው ነበርክ። ከዚያ ወዲያም እንደ ድሮው ሆነህ አየሁህ። ነግረውት ይቅር ብሎኛል አልኩ እኮ።» ድምፁ እየወረደ ሄደ። «ምን ላድርግ ሚቹ? ያን ዓመት ጤፌ ቢበሰብስ ልጆቼ ያልቁ ነበር። ማንን ልስጥ? ጎረቤታችንን ባቻን ብል በጦር ይወጋኛል። ጆቴን ብል ሰውዬው በንዴት ይታነቃል። ሌላ ሰው አይሸከመውም ነበር። አንተ ትችላለህ ብዬ ነው።»

ጃራ ጉልበቱን ከደረሳ እጅ ሥር ሳበ።

«ደግሞስ ጣልኩህ?» አለ ደረሳ፤ አሁን እሱ ነበር የተበደለ የሚመስለው። «አላረስኩልህም? ልጆችህን አላበላሁም?»

«ሽብሩስ?»

«ሽብሩ ምን?»

«እሱ ነው ስልህ። በለቅሶው ቀን አጥሩ ላይ ቆመህ።»

ደረሳ አቀረቀረ። «አንዴ ካለፈ በኋላ በምን አፌ ልናገር? እሱን ስትጠላ እኔን አልጠላህም፤ ዝም አልኩ።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚባለው ይሄ ነው። ጃራ ጮኾ ሕዝቡን ሊጠራ ቃጣው። ግን ምሏል። ባወጣ ልጅ አይውጣልኝ ብሏል፤ ልጆቹ ደግሞ ከሜዳው ማዶ ስንቅ ይዘው ቆመዋል። ደረሳም ይህን ያውቃል፤ ወደሚያምነው ሽማግሌ ነበር የመጣው። «ውጣ» አለው ጃራ ቀስ ብሎ።

ሽማግሌዎቹ ተገናኝተው ሲመክሩ ሁለቱ ምንም እንዳልሰሙ ተናገሩና ወደ ጃራ ዞሩ። «ያንተስ ወፍ ምን አለች?»

«ወደኔ ወፍ አልመጣችም» አለ ጃራ።

ሌባ አልተገኘምና ሰው ሜዳው ላይ ቀረ። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። የደረሳም ጤፍ፣ የጃራም ጤፍ፣ የተረፈም ጥቂት ነዶ አብሮ ራሰ። ሰው ሜዳው ዳር በየዛፉ ሥር በየጋቢው ተጠቅልሎ ሲያጉረመርም ደረሳ መጥቶ ጃራ አጠገብ ተቀመጠ። ምን ብሎ እንደመጣ እግዜር ይወቅ፤ ምናልባት እግሩ ለምዶት ይሆናል። የጋቢውን ግማሽ እንደ ድሮው ጃራ ትከሻ ላይ ጣለ። ጃራ ጋቢውን በሁለት ጣቱ አንሥቶ መለሰለትና ወደ ዝናቡ ወጣ።

«ምነው ሚቹ? ትበሰብሳለህ እኮ!»

«አልቻልኩም» አለ ጃራ። ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ አጠገቡ ያሉት ሰዎች ዞር ብለው አዩት።

የኋላ ኋላ በሬዎቹ ሳይገኙ ቀሩ፤ አገሩ አዋጥቶ ከፈለ፤ ተረፈም ስሙ እንደተጠራ ሳያውቅ ሸማውን ሲሠራ ኖረ። ጃራ ከደረሳ ጋር መነጋገር አቆመ። ቀለሟ፣ «ምን አደረገህ?» ብትለው አይመልስም። ሰውም፣ «ጃራ ሽማግሌ ሆኖ ኮራ፤ በእስር ቤት ስንቅ ያቀበለውን ወዳጁን ረሳ» ብሎ አማው። ደረሳ ይህን ሐሜት ሰምቶ አላስተባበለም።

በዚያው ኅዳር ጃራ የመጀመሪያውን ማር ቆርጦ በቅል ሞላና ከተማ ወረደ። ጠጅ ቤቱ ተዘግቷል፤ በዛብሽ ከኋላ በኩል ባለችው ክፍል ትኖራለች። ከደጅ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

«አንተ ጃራ ነህ?» አለች፤ ዐይኗ ደክሟል። «ምን እግር ጣለህ?»

«ለቅሶ ልደርስ ነው፣ እትዬ በዛብሽ።»

«የማንን?»

«የጋሽ ሽብሩን።»

በዛብሽ ዱካ አምጥታ አስቀመጠችውና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ማሩን አልነካችውም። «አልጋ ላይ ሆኖ ሁልጊዜ ይጠይቀኝ ነበር» አለች። «‹ይሄ ሰው ምን አድርጌው ነው? አንቺ ሰምተሽ እንደሆነ ንገሪኝ› ይለኝ ነበር። እኔ ምን ልበለው? ሳያውቅ ሞተ።» ወደ ጃራ ዘንበል አለች። «አሁን እንኳ ንገረኝ። ባሌ ምን አድርጎህ ነበር?»

ጃራ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረው።

«ምንም» አለ።